ስንቱ ሠራተኛ በኅብረት ስምምነት ጥላ ሥር አለ?

ዛሬ የምንማራቸው ቃላት ሁለት ናቸው፤ «ኅብረት» እና «ስምምነት»። ለየብቻቸው ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንድ ላይ ሲጻፉ ግን የሕግ ጉልበት ያለው ሰነድ ስም ይሆናሉ።

የኅብረት ስምምነት ማለት የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕድገትና ዝውውር፣ ስለ ዲሲፕሊን፣ ስለ ሥራ ላይ ደህንነት ተደራድረው በጽሑፍ የሚፈራረሙት ውል ነው። አንድ ሠራተኛ ብቻውን ገብቶ «ጨምሩልኝ» ቢል መልሱን ታውቁታላችሁ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ታዲያ ሕጉ ራሱ አይበቃም ወይ? ትሉ ይሆናል። ሕጉ መነሻውን ያስቀምጣል እንጂ መድረሻውን አይወስንም። ለምሳሌ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የኅብረት ስምምነት 90ውን 100 ሊያደርገው ይችላል፤ 80 ሊያደርገው ግን አይችልም። ከሁለቱ ለሠራተኛው የሚበጀው ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ አገር በዚህ ረገድ የት እንደደረሰ የሚታወቀው «ከመቶ ተቀጣሪ ስንቱ በኅብረት ስምምነት ይተዳደራል?» ተብሎ ሲቆጠር ነው። እርሳስና ወረቀት አንሡ። በምሥራቅ አዲስ አበባ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አለ እንበል። በግቢው 400 ሰው ይውላል። 20ው የሥራ መሪዎች ናቸው፤ ስምምነቱ እነሱን አይመለከትም። 80ው ጥበቃና ጽዳት ሆነው በኤጀንሲ በኩል የመጡ ናቸው፤ አሠሪያቸው ኤጀንሲው እንጂ ፋብሪካው ስላልሆነ የፋብሪካው ስምምነት አይደርሳቸውም። የቀሩት 300 ናቸው፤ ከመቶ 75 መሆኑ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፋብሪካው የ100 ሠራተኞችን ሥራ ለኤጀንሲ ቢያስተላልፍስ? 200 ይቀራሉ፤ ከመቶ 50። ልብ አድርጉ፤ ከስምምነቱ አንዲት ቃል አልተሰረዘችም። ወረቀቱ እንዳለ ነው፤ ጥላው ግን ጠበበ።

የአገራችን ታሪክም ይህንኑ ጥላ አንዴ ሲሰፋ አንዴ ሲጠብ ያሳየናል። የሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ድርድር ሕጋዊ መሠረት ያገኙት በ1954 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ሲሆን፣ እሱም በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 ጸና። ኢትዮጵያ ስለ መደራጀትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገሩትን የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች ያጸደቀችውም በ1955 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆኑ፤ በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። ማኅበራቱ በቁጥር በዙ፤ ዳሩ ግን ደመወዙን የሚወስነው መንግሥት ስለነበረ ለመደራደሪያ የቀረው ቦታ ጠባብ ሆነ። ስለዚህ የማኅበር መብዛትና የድርድር መብዛት አንድ አይደሉም።

በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42 ሲወጣ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 20 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ያስፈልግ ነበር። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377 ይህን ወደ 10 ዝቅ አደረገው። በሩ ሰፋ። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የመንግሥት ፋብሪካዎች ወደ ግል ተዛወሩ፤ አዲሱም ሥራ በአመዛኙ በአነስተኛ ሱቅ፣ በግንባታ ቦታና በቀን ሥራ በረከተ። እዚያ ደግሞ ማኅበር ብርቅ ነው።

ከመገናኛ በጉርድ ሾላ አድርጋችሁ ወደ ሲኤምሲና አያት ስትሄዱ፣ ወይም በቦሌ ጎዳና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስትወርዱ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ሆቴሉ፣ ፎቁ፣ ካፌው የሰው እጅ የሚፈልግ ነው፤ ብዙው ጥበቃና ጽዳት ግን በኤጀንሲ ነው። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሥራ በጀመረው በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክም ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ስፌት ላይ ተሰማሩ፤ ማኅበር ወደ ግቢው የገባው ግን በዝግታ ነው። አዋጅ 1156 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ወለሉ አልተወሰነም ነበር። ወለል በሌለበት ደግሞ ድርድሩ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ዘገባ፣ በ98 አገሮች ከመቶ ተቀጣሪ በኅብረት ስምምነት የሚተዳደረው 35ቱ ነው። በበለጸጉት አገሮች በ1985 ከመቶ 45 የነበረው በ2017 ወደ 32 ወርዷል፤ ይህም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በፈረንሳይ አገር ግን የማኅበር አባል የሆነው ጥቂት ሆኖ ሳለ ስምምነቱ አብዛኛውን ሠራተኛ ይደርሳል፤ ምክንያቱም መንግሥት በአንድ የሥራ መስክ የተፈረመውን ለመስኩ ሁሉ እንዲሠራ ያደርጋል። እኛ ዘንድ ድርድሩ የሚካሄደው በየድርጅቱ ስለሆነ ማኅበር በሌለበት ግቢ ጥላም የለም።

እሺ፣ ምን ይደረግ? 10ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 በታች በሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩም ተሰባስበው ከ10 ካላነሱ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። የኤጀንሲ ሠራተኞችም ከኤጀንሲው ጋር ለመደራደር መደራጀት መብታቸው ነው። ማኅበሩ የድርድር ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከረቂቁ ጋር ያቀርባል፤ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። በቅን ልቦና ተደራድረው ያልተስማሙበት ነጥብ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።

ለመለማመጃ፦ በሥራ ቦታችሁ የኅብረት ስምምነት ካለ ቅጂውን ከማኅበሩ ጠይቁና ሦስት ነገር ፈልጋችሁ አንብቡ። አንደኛ፣ «ስምምነቱ የሚመለከታቸው» የሚለውን፤ ስማችሁ የገባው ወይም የወጣው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያበቃበትን ቀን፤ ሌላ ካልተጻፈበት ሦስት ዓመት የጸና ነው፤ ቀኑ ሳያልፍ አዲሱ ድርድር መታሰብ አለበት። ሦስተኛ፣ ከሕጉ በላይ የጨመረላችሁን። ከሕጉ በላይ ምንም ካላገኛችሁበት በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው። ማንበብ ለማይችል ባልደረባችሁም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ የተፈረመው በእሱም ስም ነውና።