ባቡር የሚያልፍበትና ባቡር የሚቆምበት



የምድር ባቡር ሥራ በአካባቢው ነዋሪ ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ ስንነጋገር፣ አስቀድመን የምንጠይቀው ምን ያህል ቤት እንደ ፈረሰና ምን ያህል ማሳ እንደ ተወሰደ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ዛሬ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን አስቀድማለሁ፤ ባቡሩ የት ይቆማል? ሰውና ከብትስ ሐዲዱን በየት ይሻገራሉ?

ከጂቡቲ የተነሣው የቀድሞው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ጥንታዊቷን የንግድ ከተማ ሐረርን በተራራዋ ላይ ትቷት ነበር። አቀበቱ ለሐዲድ አልተመቸም። ባቡሩ ከግርጌ በቆመበት ሥፍራ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ የሲራራ ነጋዴውም ፊቱን ወደ እርሷ አዞረ። ሐረር አንድም ቤት ሳይፈርስባት ገበያዋ ሳሳ። በአንጻሩ የእንፋሎት ባቡር ውኃ ሳይቀዳ ርቆ መሄድ ስለማይችል በየበረሃው መቆሙ ግድ ነበር፤ በቆመበትም ወተት ሻጭ፣ ሻይ ቤት፣ ተሸካሚ ይሰበሰባል። ከመሥመሩ ዳር ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ የዚህ መቆም ልጆች ናቸው።

መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ውኃ አያሻውም። ዋና ተግባሩ የወደብ ጭነት ማመላለስ ነው። ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ተሠርተዋል፤ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ዛሬ የሚሄደው መሀል ከተማ ወዳለው ለገሃር ሳይሆን ወደ ለቡ ነው። ለባለ ሻንጣው መንገደኛ ይህ ጥቂት የታክሲ ሒሳብ ነው፤ ቅርጫት ተሸክማ ለምትቸረችር ሴት ግን ትርፏ በመንገድ ያልቃል።

የመሻገሪያው ነገር ይብሳል። መሥመሩ ሲሠራ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረት ካሣ ያዛል፤ ለዘለቄታው ለተፈናቀለ ገበሬም የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስሌቱ ማሳ ያለውን ሰው ያያል። በአፋርና በሶማሌ ቆላ ያለው አርብቶ አደር ግን የሚኖረው በመንገድ ነው፤ ሀብቱ በበጋና በክረምት ከግጦሽ ወደ ውኃ የሚመላለስበት ፈለግ ነው። ሐዲዱ ከግጦሹ የወሰደው ቀጭን ቅዳጅ ነው፤ ፈለጉን ግን ለሁለት ይቆርጠዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሩ ከግጦሽ መሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል፤ መሬቱ እያለ መድረሻው ሲዘጋስ ምን ይባላል?

በመሥመሩ ላይ ባቡር ግመልና ከብት መግጨቱ የታወቀ ነው። ጭነት የያዘ ባቡር ፍሬን ቢይዝም ብዙ ርቀት ሳይጓዝ አይቆምም። ለተገደለችው ግመል ገንዘብ ሊከፈል ይችላል፤ ወተቷና ወደፊት የምትወልደው ግን በገበያ ዋጋ አይለካም።

ከሐዲድ ሥር መሸሎኪያ መሥራት ለመሐንዲሱ አዲስ ጥበብ አይደለም። የጎርፍ መውረጃውን ሲነድፍ በየት በኩል ውኃ እንደሚወርድ አጥንቶ ነው። የመንጋውንም ፈለግ እንዲሁ፣ በበጋም በክረምትም፣ ከእረኞቹ ጋር በእግሩ ተጉዞ ማጥናት ይችላል፤ ይህ መደረግ ያለበት ግን ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ነው። አፈሩ ከተደለደለና ሐዲዱ ከተነጠፈ በኋላ መሸሎኪያ መቅደድ ባቡሩን ማስቆም ይጠይቃል።