ከገለፈቱ በታች

በድንጋይ ካብ ሥር ወይም በአጥር ጥግ የእባብ ገለፈት ያገኘ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ በእንጨት ጫፍ ይነካካዋል። ደፍሮ ያነሳው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ያያል። በጭንቅላቱ በኩል፣ በዓይኖቹ ቦታ፣ እንደ መስታወት የጠሩ ሁለት ትንንሽ ክብ ሽፋኖች አሉ። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን ከአቧራና ከእሾህ የሚጠብቅለት የቆዳው አካል የሆነ ግልጽ ሽፋን ነው፤ ቆዳው ሲወልቅ እሱም አብሮ ይወልቃል።

የእባብ የላይኛው ቆዳ እንደ ጥፍራችን የሞተ ነገር ነው፤ ከባለቤቱ ጋር አያድግም። እያደር ያልቃል፣ ይጠባልም። ብዙዎቻችን አሮጌው ከወለቀ በኋላ አዲሱ የሚበቅል ይመስለናል። ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው፦ አዲሱ ከነቅርፊቱ ከሥር ተሠርቶ ሳያልቅ አሮጌው አይሰናበትም። በሁለቱ መካከል ፈሳሽ ይገባል። ያን ጊዜ የእባቡ መልክ ይደበዝዛል፤ ዓይኑም ወተት ጠብ ያለበት ውሃ መስሎ ይደፈርሳል። በደንብ ስለማያይ ይሸሸጋል፣ ቁጡም ይሆናል፤ በእነዚያ ቀናት ባታገኙት ይሻላል። ዓይኑ መልሶ ሲጠራ አፉን ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋር ያሻል። ቆዳው ከከንፈሩ ይላቀቃል፣ እባቡም እየተሳበ ይወጣል፤ ገለፈቱ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይቀራል። ሲወልቅ ስለሚለጠጥ ከእባቡ ይረዝማል፤ «ዘንዶ ገብቷል» ብሎ መንደሩን ከመቀስቀስ በፊት ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

የኩብኩባ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ኩብኩባ ገና ክንፍ ያላወጣ አንበጣ ነው፤ ሽፋኑ ልብሱ ብቻ ሳይሆን አጥንቱም ጭምር ነው፣ ጡንቻዎቹ የተያያዙት ከእሱ ጋር ነውና። የበረሃ አንበጣ ከእንቁላል ከወጣ በኋላ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ብዙውን ጊዜ 5 ጊዜ ይህን ልባስ ይጥላል። አየር ይውጣል፣ ሰውነቱ ይነፋል፣ ሽፋኑ በጀርባው በኩል ይተረተራል። በመጨረሻው ዙር ከቅርንጫፍ ተዘቅዝቆ ይወጣና ደሙን ወደተጨማደዱት ክንፎቹ እየገፋ ይዘረጋቸዋል። ሰውነቱ ግን ገና ለስላሳ ነው፤ ጠንክሮ በደንብ እስኪበር ቀናት ይፈጅበታል። መንጋውን በኩብኩባነቱ መከላከል የሚመረጠውም ገና መብረር ስለማይችል ነው። በ2012 ዓ.ም. አንበጣ ሰማዩን ሲሸፍን ያየ ገበሬ የሚሄድ መንጋ ከሚበር መንጋ ምን ያህል እንደሚለይ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

አማርኛችን የእባቡንም የዛፉንም ልባስ «ቅርፊት» ማለቱ አለምክንያት አይመስለኝም። ዛፍ ከውስጥ እየወፈረ ይሄዳል፤ የሞተው የውጭ ቅርፊት ግን አብሮት አይሰፋም። አንዳንዱ ዛፍ የተሰነጣጠቀውን ቅርፊት እንደተሸከመ ይኖራል። በምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ግን እንዲህ ያለ ሸክም አይወድም፤ በረጃጅሙ እየተላጠ ይጥለዋል። እዚህም አዲሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ከሥር የሚወጣው ለስላሳ ቅርፊት እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሐመልሚል አለው፤ ስለዚህ ግንዱም በፀሐይ ብርሃን በጥቂቱ ምግብ ይሠራል። አሮጌውን መጣሉ ሌላም ጥቅም አለው፦ በላዩ የተጣበቁት የዛፍ ሽበትና ተባዮች አብረው ይወርዳሉ።

የወደቀው ቅርፊት በእኛ ዘንድ አይጣልም፤ ደረቁ ለእሳት ማያያዣ ይለቀማል። በትውልድ ሀገሩ በአውስትራሊያ ግን ይኸው ቅርፊት ያስፈራል። ሰደድ እሳት ሲነሳ ነፋስ ከግንዱ ላይ የሚንጠለጠለውን ልጥ እየነደደ ያነሳውና ብዙ ኪሎ ሜትር አሻግሮ ይጥለዋል፤ እዚያም ሌላ እሳት ይነሳል።