ከፎቶግራፍ በፊት ሰላምታ



እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን፣ 82 መስጊዶችን ያቀፈችውን ሐረር ጁገልን ፎቶግራፍ ለማንሳት ብዙ ቱሪስቶች በቡድን ይመጣሉ። አስጎብኚ እየመራቸው በመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች መሐል ያልፋሉ፤ ማታ ጅብ ሲመገብ ያያሉ።

አንድ ቀን ግን ያየሁት አሳዘነኝ። በደጃፋቸው የተቀመጡ እናት ፊታቸውን በሻሻቸው ሲሸፍኑ እንግዳው ካሜራውን አላወረደም። አስጎብኚውም ዝም አለ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«ኡስታዝ፣ እንግዳውን ላለማስቀየም ብዬ ነው» አለኝ።

«እናታችንንስ?» አልኩት። አቀረቀረ። በማግስቱ ሄዶ «አፉ በሉኝ» አላቸው።

ሱረቱ አን-ኑር (24፡27-28) ሳናስፈቅድና ሰላም ሳንል ሰው ቤት እንዳንገባ፣ ተመለሱ ከተባልንም እንድንመለስ ያስተምረናል። በካሜራ የሚገባ ዓይንስ ፈቃድ አያሻውምን?

አስጎብኚ ወንድሞችና እህቶች! መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ፈቃድ፣ ከዚያ ፎቶግራፍ ይሁን። እምቢ ያለ ሰው ካለ፣ የጁገል አምስቱ ጥንታዊ በሮች አሉ፤ ባለቤቶቹ ከፈቀዱም የሐረሪ ቤት ነደባና በግድግዳው የተሰቀሉት ስፌቶች አሉ። እንግዳ ማክበር የእስልምና አደብ ነው፤ የጎረቤትን ክብር መጠበቅም እንዲሁ።

አላህ ሐያእን ያላብሰን። አሚን።