የማንወደውን ዘፈን ስለ መስማት

የ16 ዓመት ልጃችን ሄቪ ሜታል የሚባለውን የእንግሊዞች ዘፈን ወደ ቤታችን ይዞ ገባ። ትርጓሜው ከባድ ብረት ማለት ነው፤ ስሙን በሰማን ጊዜም ለነገሩ የተገባ ነው አልን። የዚህ ዘፈን አባት ከሚባሉት አንዱ፥ የብላክ ሳባዝ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርን፥ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. መሞቱ በተሰማ ጊዜ ልጁ አዝኖ ተቀመጠ። እኛም፥ ለማታውቀው ጯኺ ታለቅሳለህን ብለን ዘፈኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ እንዳይሰማ ከለከልን። አልመለሰልንም፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ያህል ከእኛ ጋራ ራት መብላቱን ተወ።

እናቱም በመካከል ገብታ፥ የባለጉዳዮችን ቃል ሲጽፉ የሚውሉ ሰው፥ ተከሳሹ ቃሉን ሳይሰጥ እንዴት ይፈርዳሉ ብላ ወቀሰችን። መልስ አጣን።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማታ ከልጁ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። እርሱም፦ «አባባ፥ እስኪያልቅ ድረስ አይነሡ» ብሎ ቃል አስገባን፤ ከዚያም ብላክ ሳባዝ የተባሉት አራት የበርሚንግሃም ልጆች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ያወጡትን የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሰማን። መዠመሪያ የሚሰማው ዝናብና ነጐድጓድ፥ ከሩቅም የሚደወል ደወል ነው። ቀጥሎ ጊታሩ ሦስት ድምፅ እያዘገመ ይመታል። እኛ የሚጣደፍ ረብሻ ስንጠብቅ እንደ ቀብር አጀብ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሆነብን። ሦስተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ጋራ ትራይቶን የሚባለውን ርቀት ስለሚይዝ ጆሮን ማረፊያ ያሳጣዋል፤ እንግዲህ ይህን ሰምቶ የሚከፋው ሰው ጆሮው ደኅና ነው ማለት ነው። ሻካራነቱም የሚመጣው ማጉያው ከሚሸከመው በላይ ሲጫን የድምፁ ሞገድ ጫፍ ስለሚቈረጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ በእጅ ያልተመቱ ረቂቅ ድምፆች አብረው ይወለዳሉ፥ አንዱ ጊታርም እንደ ብዙ ሆኖ ይሰማል።

ባለቀ ጊዜ፥ አላማረንም አልነው። ልጁም፦ «እንዲያምርዎ አልለመንሁም» አለና የጊታር መቺውን የቶኒ አዮሚን ነገር ነገረን።

አዮሚ በ1965 የ17 ዓመት ልጅ ሳለ በላሜራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን በሚለቅበት በመጨረሻው ቀን ለምሳ ወደ ቤቱ ገብቶ አልመለስም ቢል፥ እናቱ ቀንህን በደንብ ጨርስ ብላ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ባልለመደው መኪና ላይ ሲሠራ መኪናው የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠው። ግራኝ ስለ ሆነ አውታሩን የሚጫንበት ቀኙ ነበር። የፋብሪካውም አለቃ ሊጠይቀው መጥቶ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው፤ ይህ ሰው በ1928 እጁ በእሳት ከተጐዳ በኋላ ዜማውን በሁለት ጣት ይመታ የነበረ ነው። አዮሚም የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፥ በላዩም ቆዳ ለጠፈበት፤ ቀጫጭን አውታር ፈለገ፥ ኋላም በ1971 አውታሩን እያላላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያ ወፍራም ድምፅ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

እኛ ግን ያሰብነው እናቲቱን ነው። ምክሯ ደግ ነበር፤ እኛም በቦታዋ ብንሆን ሌላ ቃል ባልተናገርን ነበር። ለልጃችን በዚሁ ርግጠኝነት የተናገርነው ስንት እንደ ሆነ ስንቈጥር አመሸን።

ሁለተኛም አሰማን አልነው። አሁንም አላማረንም። ዘፈኑ ቍጡ ያደርገዋል ብለን ለፈራነው፥ በአውስትራልያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2015 ባወጡት ጥናት 39 የእንዲህ ያለ ዘፈን ወዳጆችን መጀመሪያ አስቈጥተው፥ ከፊሎቹን ዘፈኑን ቢያሰሟቸው ቍጣቸው እንዳልጨመረ ጽፈዋል። በግድ የተቀመጠውን አባት ግን አልመረመሩም።

የከለከልነውን ፈቀድን፤ የድምፁን ልክ ግን አልተውንለትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራልና ይህን ስንነግረው ተከራከረ፥ በመጨረሻም እሺ አለ።

በማግሥቱ ለራት ቀረበ። ከጕርሻ ጕርሻ መካከል በመሶቡ ጠርዝ ላይ በጣቱ ይመታ ነበር፤ ያን የሚያዘግመውን አመታት ዐወቅነው። እናቱ ተው ልትለው ቀና ስትል፥ ተዪው አልናት።