ወርቁና ወንዙ

ወርቅ የአገር ሀብት መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ዳሩ ግን ወርቁ ተቆፍሮ ሲወሰድ ለባላገሩ ምን ይተርፈዋል? በጉጂ ምድር፣ በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ለዚህ ጥያቄ ምስክር ነው። በዚያ ወርቁ ከተፈጨው ድንጋይ የሚለየው በሲያናይድ ስለ ሆነ፣ ይህን መርዝ የያዘው ዝቃጭ በግድብ በሚገባ ካልታገደ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ነዋሪዎቹም «ልጆቻችን አካላቸው ጎድሎ ይወለዳሉ፣ ከብቶቻችንም ይሞታሉ» ብለው አቤት ስላሉ፣ በ2010 ዓ.ም. የማዕድኑ ፈቃድ ታገደ፤ በ2013 ዓ.ም. ግን ሥራው እንደገና ተጀመረ።

እንግዲህ የማዕድን ሥራ ይቅር አንልም። ነገር ግን ውሃው በየጊዜው ይመርመር፤ ውጤቱም መዝገብ ቤት ተቆልፎበት ሳይቀር፣ ውሃውን ለሚጠጣው ሰው በቋንቋው ይነገረው። ወርቅ አንድ ጊዜ ወጥቶ ያልቃል፤ ወንዙ ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነው።