ፓሌርሞ ላይ የአገሬውን ምግብ የት እንብላ? ከመብላታችን በፊትስ ምን እንጠይቅ?

የሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማ ፓሌርሞ ጎዳና ላይ በሚሸጡ ምግቦቿ የታወቀች ናት። ለሙስሊም እንግዳ ምቹ የሚያደርጋት ብዙዎቹ የአገሬው ምግቦች ከአትክልት፣ ከጥራጥሬና ከዓሣ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ የአሳማ ስብ ዓይን በማያየው ቦታ፣ በሊጡና በመጥበሻው ውስጥ መገኘቱ ነው። ስለዚህ እዚያ «ሥጋ የለውም» መባሉ ብቻውን አይበቃም።

የኛም ታሪክ ያለበት ማዕድ

ሙስሊሞች ፓሌርሞን ከ831 እስከ 1072 እ.ኤ.አ. አስተዳድረዋታል። ሎሚ፣ ኮምጣጣ ብርቱካንና ሸንኮራ አገዳ በደሴቲቱ የተስፋፉት በዚያ ዘመን ነው። የጂኦግራፊ ሊቁ አል-ኢድሪሲ በ1154 ባጠናቀቀው መጽሐፉ፣ ከፓሌርሞ በማትርቀው ትራቢያ ፓስታ በብዛት እየተሠራ ወደ ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር እንደሚላክ ጽፏል። እኛ «ዘቢብ» የምንለው ዐረብኛ ቃልም ሲሲሊ ውስጥ «ዚቢቦ» ሆኖ የአንድ ወይን ዝርያ መጠሪያ ነው። ልብ በሉ፤ በዚሁ ስም የሚሸጥ የወይን ጠጅም አለ።

የት እንሂድ?

ባላሮ፦ በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ገበያ ነው። በአካባቢው የባንግላዴሽና የአፍሪካ ተወላጆችም ይኖራሉ። እዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ፓኔሌ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተገንፍቶ፣ በስሱ ተቆርጦ ይጠበስና ሰሊጥ በተነሰነሰበት ዳቦ መሐል ይቀርባል።

ካፖ፦ ከማሲሞ ቴአትር ጀርባ ያለ ገበያ ነው። ዓሣና አትክልት የሚሸጥበት በመሆኑ ለምሳ ይመረጣል። ደበርጃን ከወይራ ፍሬ፣ ከቲማቲም፣ ከኮምጣጤና ከስኳር ጋር የሚሠራውን ካፖናታ ቅመሱ።

ትራቶሪያ፦ የቤተሰብ ምግብ ቤት ማለት ነው። «ፓስታ ኮን ለ ሳርዴ» እዘዙ፤ ፓስታ ከሳርዲን፣ ከዱር እንስላል፣ ከዘቢብና ከጥድ ፍሬ ጋር ነው። ምርጡ ወቅት እንስላሉ ለምለም የሚሆንበት ጸደይ ነው።

ሦስተኛው የታወቀ ገበያ ቩቺሪያ ሲመሽ የመጠጥ ሰፈር ስለሚሆን፣ መሄድ ያለበት በቀን ይሂድ።

ጥንቃቄ የሚሹት

ፓኒ ካ ሜውሳ፦ የከተማዋ ዝነኛ የጣፊያ ሳንድዊች ነው። ጣፊያ በሸሪዓ ከታረደ እንስሳ ከሆነ የተፈቀደ ነው፤ ይኼኛው ግን በተለምዶ የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ስለሆነ አይበላም።

አራንቺና፦ ተሞልቶ የተጠበሰ የሩዝ ድቡልቡል ነው። «አል ቡሮ» የሚባለው ስሙ «በቅቤ» ማለት ቢሆንም፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። የሥጋው ዓይነትም ከአሳማ ሊቀላቀል ይችላል።

ካኖሊ፦ በሪኮታ አይብ የሚሞላ ጣፋጭ ነው። ቅርፊቱ በባህላዊው አሠራር የአሳማ ስብና ማርሳላ የተባለ የወይን ጠጅ ይገባበታል። ካሳታ የተባለው ኬክም አልኮል ሊነካው ይችላል። በምትኩ ከውኃ፣ ከስኳርና ከሎሚ የሚሠራውን ግራኒታ መጠጣት ይቀላል።

አራቱ ጥያቄዎች

«ቼ ስትሩቶ?» የአሳማ ስብ አለው?
«ቼ ማያሌ?» የአሳማ ሥጋ አለው?
«ቼ ቪኖ?» የወይን ጠጅ አለው?
አራተኛው ስለ መጥበሻው ነው፤ ፓኔሌው የሚጠበስበት ዘይት አራንቺናም የሚጠበስበት መሆኑን በእጃችሁ እያመለከታችሁ ጠይቁ። የዓሣ ምግብ ሲሆንም ሦስተኛውን አትዝለሉ፤ አንዳንድ ወጥ ቤቶች ዓሣው ላይ ነጭ ወይን ያፈሳሉ።

መጠየቅ አያሳፍርም። የገበያው ሻጮች ስለ ምግባቸው መናገር ይወዳሉ፤ ከፊታችሁ የሚጠብሰውም ሰው ምን እንደጨመረ ያውቃል። መልሱ ካጠራጠራችሁ ግን ተዉትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ሽምብራው፣ ደበርጃኑና ሳርዲኑ ባሉበት ከተማ ጦሙን የሚያድር እንግዳ አይኖርም።