የሟች ቤት ርካሽ ነው ሲሏችሁ፦ የት ይሰማል? ከመክፈላችሁ በፊትስ ምን ይታያል?

ስልካችሁ ጠራ እንበል። ደላላ ነው። «ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ተገኝቷል፤ ባለቤቱ አርፈዋል፣ ልጆቹ ቶሎ መሸጥ ይፈልጋሉ» ይላችኋል። ዋጋው ረከስ ያለ ነው። ቆይ፣ አትቸኩሉ።

አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲሞት ቤቱ ለገዢ ተከፍቶ፣ ከአልጋው እስከ ማንኪያው ዋጋ ተለጥፎበት የሚሸጥበት ልማድ አለ። «እስቴት ሴል» ይሉታል። እኛ ጋ ግን ልብሱ ለድሃ ይሰጣል፣ ዕቃውን ቤተሰብ ይከፋፈለዋል። የሚሸጥ ካለም ከተዝካር በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚወራው።

ታዲያ የት ይሰማል?

አንደኛው በሰው ነው፦ በደላላ፣ በጎረቤት፣ በእድርተኛ። ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ሀገር ከሆኑ ፍሪጁና ቁም ሳጥኑ ቴሌግራም ላይም ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ሐራጅ ነው። ወራሾች መከፋፈል ሲያቅታቸው ፍርድ ቤት ንብረቱ ተሸጦ ገንዘቡን እንዲካፈሉ ያዛል። ስለዚህ የፍርድ ቤትና የቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ እዩ፤ በኩር ጋዜጣም የሐራጅ ማስታወቂያ ያወጣል። መነሻ ዋጋውን፣ ቀኑንና ማስያዣውን አንብቡ። ማስያዣው ብዙ ጊዜ የመነሻው ሩብ ነው፣ በሲፒኦ።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫ አለ? «ልጃቸው ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

2. ወራሾቹ በሙሉ ተስማምተዋል? የትዳር ጓደኛ በሕይወት ካለም የጋራ ንብረቱ ግማሽ የእሱ ወይም የእሷ ነው።

3. በውክልና የሚሸጥ ከሆነ «ለመሸጥ» የሚል በግልጽ ተጽፏል? ውክልናውን የሰጡት ሟቹ ከሆኑ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ውክልና በመርህ ደረጃ ከሰጪው ሞት ጋር ያበቃል።

4. ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ውሉንም ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ተፈራረሙ። በሦስት ምስክር ብቻ የተጻፈ ወረቀት ይዛችሁ ስም ማዞር አትችሉም።

ቡሬ ዙሪያ ወይም ጃቢ ጠህናን ገጠር ውስጥ «የአባቴን መሬት ልሽጥልህ» ያላችሁ ካለ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። መሬቱ ይወረሳል፣ ይከራያል። የሚሸጠው ከብቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ቆርቆሮው ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ ይላል። ገጠር ያገባች እህት ግን ሽያጩን ሳትሰማ ወንድሞቿ ሊጨርሱት ይችላሉ። ነገ እሷ ፍርድ ቤት ስትሄድ ተከሳሾቹ ውስጥ እናንተም ልትኖሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ስንት ልጆች ናችሁ? ሁሉም ያውቃሉ?» በሉ።

ቤት ለሚፈልግ ጓደኛችሁ አጋሩት።